«እንጀራና እውነት በአንድ መሶብ አይቀርቡም» ያለው ማን ነው?

(ለወጣት ድምፃውያንና የዘፈን ግጥም ጸሐፊዎች ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ሐቀኛ ጥበብ እና ገበያ» ይላል። «እና» የምትለዋን ቃል ሳያት ሳቄ መጣ። ርእሱን የጻፈው ሰው በልቡ «ወይስ» ለማለት ፈልጎ በይሉኝታ «እና» እንዳላት ያስታውቃል። በእኛ አገር ይህ ነገር ሲነሣ አዳራሹ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። በአንድ ወገን «ጥበብ በገንዘብ አትለወጥም» ባዮች፣ በሌላው ወገን «በባዶ ሆድ ግጥም አይገጠምም» ባዮች ይሰለፋሉ። ሁለቱም ይጨበጨብላቸውና ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። በማግስቱ ያው ድምፃዊ ያንኑ የአሳታሚ በር ሲያንኳኳ ይገኛል።

እኔ የዘፈን ግጥም እየጻፍሁ የምሸጥ ሰው ነኝ። «የምሸጥ» ስል አላፍርም። እናንተም እንዳታፍሩ ነው የመጣሁት። «እውነተኛ ከያኒ ገንዘብ አያይም» የሚለው አባባል ከማን አፍ እንደሚወጣ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የቤት ኪራይ ካለበት ከያኒ አፍ ሰምቼው አላውቅም። የምሰማው ሁልጊዜ ከከፋዩ ነው። ያውም ሊከፍል ሲል፣ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ!

እስቲ ከሥሩ እንነሣ። የዚህ አገር የጥንቱ ባለሙያ ሙዚቀኛ አዝማሪ ነው። አዝማሪ እንጀራውን የሚበላው በዚያው በሚዘፍንበት ክፍል፣ በዚያችው ሰዓት፣ ፊት ለፊቱ ከተቀመጠው ሰው ኪስ ነው። «ተቀበል!» ይባላል፤ ይቀበላል። ብሩ ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል። ከዚህ የባሰ ገበያ ከየት ይመጣል? ነገር ግን ከዚህ የበለጠ እውነት የተነገረበት መድረክስ የት አለ? ሰሙን ለከፋዩ፣ ወርቁን ለሚገባው እየሰጠ ጌታውን በዚያው በሚያወድስበት ስንኝ ሲወጋው የኖረው አዝማሪ ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዩንና ባሕታዊውን ሲያስፈጅ አዝማሪውንም አብሮ ያስፈጀው ለምን ይመስላችኋል? ማሲንቆው ጥይት ይተኩስ ኖሯል? የተፈራው ለሳንቲም የሚዘፍነው ሰው ቃል ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ከመካከላችሁ ካለ የምለውን ያውቀዋል። ዛሬ ያ ሰፈር በአብዛኛው የለም፤ በ2017 ዓ.ም. ፈርሷል። አዝማሪውን ከካዛንቺስ ያባረረው ታዲያ ገበያ ማጣት አይደለም። ደንበኛውማ ሞልቶ ነበር። ያባረረው ዶዘር ነው።

ወደ «ወርቃማው ዘመን» ልለፍ። ይህን ዘመን ስናነሣ ሁላችንም ዐይናችን እንባ ያቀርራል፤ ሙዚቃው ንጹሕ ነበር፣ ለገንዘብ አልነበረም እንላለን። ኧረ ተዉ! ጥላሁን ገሠሠም ማህሙድ አህመድም ያደጉት በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነው። ፖሊስም የራሱ ባንድ ነበረው፣ ጦር ሠራዊትም እንዲሁ። እነዚህ ሙዚቀኞች ደሞዝተኞች ነበሩ። የወር ደሞዝ እየተቆረጠላቸው፣ የነፋስ መሣሪያው በመንግሥት ገንዘብ እየተገዛላቸው የተማሩ ናቸው። ያ ሁሉ ሳክስፎንና ትራምፔት በፍቅር ብቻ የተነፋ አይምሰላችሁ።

ሸክላ የማሳተም መብት ደግሞ በንጉሡ ትእዛዝ ለአገር ፍቅር ቲያትር ብቻ የተሰጠ ነበር። አንድ ገዢ፣ አንድ በር። ይህን በር የሰበረው ማን ነው? ባለቅኔ ነው? ፕሮፌሰር ነው? አይደለም። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ ሸክላ ነጋዴ ነው፤ ዐምሃ እሸቴ። ሱቅ ነበረው፣ ሰው ምን እንደሚጠይቅ ያያል። እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጾ ሸክላውን ሕንድ አገር አሳትሞ አመጣ። ሌላው ሕጉን እየፈራ በተቀመጠበት ሰዓት እሱ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ገባበት። እስከ 1975 ድረስ በስሙ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችና ደርዘን የሚሆኑ ረጃጅም ሸክላዎች ወጥተዋል። ዓለማየሁ፣ ግርማ በየነ፣ ማህሙድ፣ ሙላቱ አስታጥቄ በዚህ ነጋዴ እጅ አልፈዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በፈረንሳይ አገር «ኢትዮጲክስ» እየተባለ መውጣት የጀመረው፣ ዛሬ ፈረንጅ የሚሞትለት ተከታታይ አልበም ብዙው ክፍል ከዚሁ ሰውየ ቋት የተቀዳ ነው።

ዐምሃ በሩን ከከፈተ በኋላ ነገሩ ያማረው ለምን መሰላችሁ? ነጋዴዎቹ ስለበዙ ነው። ፊሊፕስ ነበረ፣ ካይፋ ነበረ። አንዱ «ይህ አይሸጥም» ያለውን ሥራ ሌላው ጋ ይዞ መሄድ ይቻል ነበር። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ተጫውቶ ሙሉ ሸክላ ማስቀረጽ የቻለው በዚህ ጊዜ ነው። ቃል የሌለው፣ ዘፋኝ የሌለበት፣ ጦር ሜዳ ላይ እንዳለ ጀግና የሚያቅራራ ሳክስፎን! ለአንድ ገዢ ብቻ ቢቀርብ ኖሮ «ዘፋኙ የት አለ?» ተብሎ የሚመለስ ሥራ ነበር።

እንግዲህ ገበያ ጥበብን ይገድላል ለሚለኝ ሰው መልሴ ይህ ነው። የሚገድላት አንድ ገዢ ብቻ ያለበት ገበያ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቁታላችሁ። አብዮት፣ ሰዓት እላፊ፣ ሳንሱር። ሸክላው ሞተና ካሴት መጣ። ካሴት መልካም ነገር ነበር፤ ርካሽ ነው፣ ገጠር ይገባል፣ በባትሪ ይሠራል። ግን ከካሴት ጋር አንድ ሥርዓት ሥር ሰደደ። እኔ የእናንተን ሙያ ያደቀቀው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ቁርጥ ዋጋ።

ቁርጥ ዋጋ ማለት ምን ማለት ነው? ድምፃዊው ሥራውን ለሙዚቃ ቤቱ አንዴ ይሸጣል፤ በቃ። ካሴቱ አንድ ሺህም ይሸጥ አንድ መቶ ሺህም ይሸጥ ለዘፋኙ ያው ነው። የግጥም ጸሐፊውም እንደዚያው፤ በዘፈን ቁጥር ተቆጥሮለት ይሄዳል። በዚህ ሥርዓት ሥራህ ቢወደድ ትርፉ የሌላ ነው፤ ባይወደድ ግን የሚቀጥለውን የሚገዛህ የለም። ኪሣራው የጋራ፣ ትርፉ የአንድ ሰው!

አንድ ጊዜ ለአንድ ሙዚቃ ቤት ግጥም ይዤ ሄድኩ። ልጇ ዘምቶ ስለቀረባት እናት ነው የጻፍኩት፤ ሬሳውን አላየችም፣ ለቅሶም አልተቀመጠች፣ ማታ ማታ በሩን ሳትቀረቅር ትተኛለች። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ አነበበው። ዐይኑ እንደ መርጠብ አለ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝና «ጋሼ፤ ይሄ እኮ ሠርግ ላይ አይከፈትም» አለኝ። እናቲቱን በፍቅረኛ ብቀይራት፣ «ዘመተ» ያልኩትን «ተለየኝ» ብለው እንደሚወስደው ነገረኝ። ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ይህን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፤ እሱን መርገም ቀላል ነውና። እስቲ በእሱ ወንበር ተቀመጡና አስቡት። ለድምፃዊው፣ ለባንዱ፣ ለስቱዲዮው፣ ለሽፋኑ አስቀድሞ ከፍሏል። ካሴቱ ሰኞ ቢወጣ ረቡዕ መርካቶ በባለ ሁለት ማጫወቻ ቴፕ ተባዝቶ በግማሽ ዋጋ ይቸበቸባል። ስለዚህ ወጪውን የሚመልሰው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ የሚሸጠው ምንድን ነው? ሰው ቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነው። ባለፈው ዓመት የተወደደውን የሚመስል ዘፈን። ቀስ ብሎ የሚገባ ግጥም፣ በሦስተኛው ወር «ለካ እንዲህ ማለቱ ነው!» የሚባልለት ዜማ ለእሱ ኪሣራ ነው፤ በሦስተኛው ወር ላይ ትርፉን የሚሰበስበው ሌባው ነዋ! ዘፈኖቻችን እንደ መንታ መመሳሰል የጀመሩት ባለሙያው ስለሰነፈ ብቻ አይደለም። ሌብነት የአሳታሚውን ትዕግሥት በላው፤ አሳታሚው ደግሞ የእኛን።

ስምንት ሰው ያለው ባንድ በአንድ ኪቦርድ የተተካውም በዚሁ ሒሳብ ነው። ሮሃ፣ ዳህላክ፣ አይቤክስ፣ ዋልያስ ይባሉ የነበሩት ባንዶች በመዲናዋ ሆቴሎች ከምሽት እስከ ምሽት አብረው እየተጫወቱ የተሞረዱ ነበሩ። ኋላ ላይ አንድ ሰው ቁልፍ ተጭኖ ከበሮውንም ቤዙንም ሳክሱንም ሲያወጣ ለሰባት ሰው የሚከፈለው ተረፈ። አንዳንዶች «የዘመኑ ጣዕም ነው» ይላሉ። አይደለም፤ የሒሳብ መዝገብ ነው።

ሌባውን መያዝ የነበረበትስ ማን ነበር? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የደራሲን መብት ያውቃል። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። አዋጁ ያምራል፤ ለግጥምና ለዜማ ደራሲው ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት፣ ለተቀረጸ ድምፅ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። በዚያው ዘመን ግን በየመንገዱ ዳር በፍላሽ ዘፈን የሚጭኑ ሱቆች በግላጭ ተኮለኮሉ። ሞባይል ሲሰረቅ ፖሊስ ይጠራል፤ ዘፈን ሲሰረቅ ፖሊሱ ራሱ ስልኩ ላይ ያስጭነዋል። መንግሥት አቅም አጥቶ ነው እንዳልል፣ የማይወደውን ጋዜጣ አዙሮ የሚሸጥ ልጅ ለመያዝ አቅም አንሶት አያውቅም ነበር።

አሁን ስለ አንድ ሰው ልናገር፤ የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ። ዋልያስ በአዲስ አበባ ሒልተን ዓመታትን የተጫወተ ባንድ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምላችሁ፣ ባንዱ ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ዝግጅት ሄደና ከፊሉ አባላት እዚያው ቀሩ፤ ኃይሉም ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን ከዘመኑ ኤሌክትሪክ ኪቦርዶች ጋር አጋብቶ አንድ ካሴት ቀረጸ። አኮርዲዮን በዚያን ጊዜ ጊዜው ያለፈበት የድሮ ሰው መሣሪያ ነው። ማንም «አኮርዲዮን አምጣ» አላለውም። የልጅነቱን ድምፅ ፈልጎ ነው።

ከዚያስ? ኃይሉ ታክሲ ነጂ ሆነ። ዋሽንግተን አካባቢ ካለው አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ይጭናል። ኪቦርዱን ከኋላ ሻንጣው ውስጥ ይይዝና ተራ እስኪደርሰው አውጥቶ ይለማመዳል። አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ያንን የ1985 ካሴት ባሕር ዳር አግኝቶ ደጋግሞ ሰማው፤ አፈላልጎ ደወለለት። በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ አውሮፓንና አሜሪካን ዞረ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ።

ይህን ታሪክ ጋዜጦች ሲያወሩት እንደ ተረት ያሳምሩታል። «አያችሁ! እውነተኛ ጥበብ አትሞትም» ይባላል፤ ሁላችንም ደስ ይለናል። እኔ ግን ደስታዬ ግማሽ ነው። ከ1985 እስከ 2013 ስንት ዓመት ነው? 28 ዓመት! በእነዚያ 28 ዓመታት ኃይሉ መርጊያ ሊሠራቸው ይችል የነበሩት ሙዚቃዎች የት አሉ? ሰውየው ሐቀኝነቱን አላጣም፣ ጣቶቹም አልዛጉም። ያጣነው እኛ ነን። ሐቀኛ ከያኒ በድህነት ውስጥ ይጸናል፤ ልክ ነው። ሥራው ግን ይቀንሳል፣ ይዘገያል። ከነጭራሹ ሳይሠራ የቀረውን ዘፈን ደግሞ ማንም ሰብሳቢ ባሕር ዳር ሄዶ አያገኘውም።

ጌታቸው መኩሪያም እንዲሁ ነው። ያ ሽለላው በ2006 «ዘ ኤክስ» ከሚባሉ የሆላንድ የሮክ ሙዚቀኞች ጋር «ሞዓ አንበሳ» ሆኖ ሲወጣ እሱ 70 ዓመት ያለፈው አዛውንት ነበር። የሆላንድ ልጆች ወደ እሱ መጡ እንጂ እሱ ሽለላውን ለእነሱ ሲል አላለሰለሰውም። በ2016 ዐረፈ። ነፍሱን ይማር።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ አንዱ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ሊያነሣብኝ ይችላል። ያንሣ! እማሆይ ፒያኗቸውን ለገበያ ብለው አልነኩም። በ1967 ጀርመን አገር ያስቀረጿቸው ሸክላዎች ገቢ ለችግረኛ ልጆች የዋለ ነው። በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ዓለም በሙሉ ስማቸውን ያውቅ ነበር፤ እሳቸው ግን ኑሯቸው የመነኩሴ ነው። እሰግድላቸዋለሁ። ነገር ግን እሳቸው ዓለምን የተዉ መነኩሲት ናቸው፤ ይህን መንገድ መርጠው ገቡበት። የእሳቸውን ስም እየጠሩ ሁለት ልጅ የምታሳድግን ድምፃዊት «ለምን ገንዘብ ጠየቅሽ?» ማለት ነውር ነው። ምንኩስና በውል ላይ የሚጻፍ አንቀጽ አይደለም።

ስለ ተሸጠውም እናውራ። የተሸጠ ሁሉ ውሸት ነው የሚሉ አሉ። ታዲያ ቴዲ አፍሮን ምን ሊያደርጉት ነው? በ1997 ዓ.ም. «ያስተሰርያል» ሲወጣ የመንግሥት ሬዲዮ አልደፈረውም፤ ታክሲው፣ ሻይ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ ግን ሌላ ነገር አልከፈተም። በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» የተባለው አልበሙ በአሜሪካው ቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ አልበሙን ሒልተን ሆቴል ሊያስመርቅ ሲል ፖሊስ ከለከለ። በሽያጭ አንደኛ፣ በፈቃድ የመጨረሻ! እዚህ ላይ ሐቀኝነቱን የተጋፋው ገዢው ሕዝብ ነው ወይስ ፈቃድ ሰጪው?

ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ቴዲን የምትወዱ አትቀየሙኝ። በ2006 ዓ.ም. በደሌ ቢራ የሙዚቃ ጉዞውን ሊደግፍ ተስማምቶ፣ ቴዲ አላልኩም ባለው አንድ ንግግር ምክንያት የቢራው አትጠጡ ዘመቻ ሲቀሰቀስ ድርጅቱ ድጋፉን አቋረጠ። ማን ልክ ነበር የሚለውን ትቼዋለሁ፤ ጎራችሁን ስለማውቅ እዚሁ አዳራሽ ድንጋይ መወራወር አልፈልግም። ለእናንተ የምነግራችሁ የሒሳቡን ነገር ነው። ቲኬት የገዛ ሰው ዘፈንህን ነው የገዛው። ስፖንሰር ግን የገዛው ዘፈንህን ሳይሆን ማንም እንዳይቀየመው ነው። በሳንሱር ዘመን ቀዩን እርሳስ የያዘው ባለሥልጣን ነበር፤ በስፖንሰር ዘመን የያዘው የሽያጭ ክፍል ነው። ያውም የቢራው ገንዘብ ራሱ አልቆየም፤ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ተባረረ፤ ዓመቱን በሙሉ በእሱ ላይ ተደግፎ የነበረው ሙያተኛ ወለሉ ላይ ቀረ።

ሌላም የሚሸጥ ነገር አለ፤ ይህን ስናገር ፊታችሁን እንደምታጨማድዱብኝ አውቃለሁ። የአገር ፍቅርም ይሸጣል! በደርግ ጊዜ ለአብዮቱ ተዘፈነ፣ በኢሕአዴግ ጊዜ ለሚሊኒየሙና ለግድቡ ተዘፈነ፤ ለአበል የዘፈነውን ሁላችንም በስም እየጠራን እንስቅበታለን። የእኛስ ሰፈር? ምንም ሳይሰማው አዝማች ላይ «ኢትዮጵያ» የምትለዋን ስም ጣል አድርጎ ዋሽንግተን ሄዶ አዳራሽ የሚሞላ የለም? ባንዲራውን ትከሻው ላይ ጣል ሲያደርግ እልል እንላለን። ግጥሙን ግን ነጥላችሁ አንብቡት፤ ውስጡ አንድ ሰው የለም፤ አንድ ወንዝ፣ አንድ መንደር፣ አንዲት እናት የለችም። ተቃዋሚ ስለሆንን የሸማችነት ጆሯችን ይሳላል ማለት አይደለም።

አሁን ካሴቱም ሲዲውም የለም፤ «ማህሙድ ሙዚቃ ቤት ጋ ጠብቂኝ» የሚባል የፒያሳ ቀጠሮም ታሪክ ሆኗል። ዩቲዩብ ነው። አንዳንዶቻችሁ ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁና አላስተምራችሁም። አንድ የታዘብኩት ነገር ብቻ፦ ድሮ ሙዚቃ ቤቱ «ሠርግ ላይ አይከፈትም» ይለን ነበር፤ ዛሬ ይህን የሚለን የለም፤ እኛው በገዛ እጃችን ለራሳችን እንላለን። ስንት ሚሊዮን ሰው አየው እያልን ማታ ማታ ስልክ እናፈጣለን። ይሁን እንጂ ዛሬ ያ የእናቲቱ ግጥም ቢዘፈን ቀስ ብሎ ሰሚውን የማግኘት ዕድል አለው፤ በሦስተኛው ወርም፣ በሦስተኛው ዓመትም የሚሰማው ሰው ለባለቤቱ ይቆጠርለታል። ባለቤቱ እናንተ ከሆናችሁ ነው ታዲያ! ቻናሉ የሌላ፣ ውሉ ቁርጥ ከሆነ ያው የጥንቱ ካሴት ነው፤ የተለወጠው ዕቃው ብቻ ነው።

ስለዚህ ምከረን ካላችሁኝ ግጥም እንዴት እንደሚጻፍ አልመክራችሁም። ስለ ውል ነው የምለምናችሁ። አንድ ዘፈን ሽጡ፤ የሚቀጥሉትን አምስት ዓመታት አትሽጡ። ከቁርጡ ላይ አንሶም ቢሆን ከመቶ የሚታሰብ ድርሻ ጠይቁ፤ የመጀመሪያው ሰው ይስቅባችኋል፣ ሦስተኛው ይሰማችኋል። የግጥሙና የዜማው ደራሲ ስም በጽሑፍ ይግባ። ሁለት አሳታሚ ሳታናግሩ ለአንዱ አትፈርሙ። ከስፖንሰር ገንዘብ ስትቀበሉ ምን እንዳይባል እንደሚፈልግ አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ ካልነገራችሁ ኋላ ይነግራችኋል።

ያንን የእናቲቱን ግጥም ምን አደረግከው ለምትሉኝ፣ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ፍቅረኛ አላደረግኋትም። ዜማ ያለው ከመካከላችሁ ካለ ይምጣና እንነጋገር፤ ዋጋውን ግን በቁርጥ አልነግረውም።

በቦርሳችሁ ያልተፈረመ ውል የያዛችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። አምጡት፤ ሻይ ስንጠጣ አብረን እናነበዋለን።